ሰረዝ ናት ወይስ መቀነሻ?

ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ዝናቡ ዋልካውን ጭቃ ከማድረጉ በፊት ያሉት ሳምንታት የጋራዥ ሳምንታት ናቸው። ዲስኩ ይሳላል፣ የትራክተሩ ዘይት ይቀየራል፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራበት መሬት በሺህ ፈዳን እየተለካ ይጠብቃል። ከእህል ጨረታው ገበያ ብዙ በማይርቅ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ሁለት ሰዎች አስቀምጫለሁ። አንደኛው በደርግ ጊዜ ከጎንደር በኩል ተሻግረው እዚያው የቀሩ መካኒክ ናቸው። ሁለተኛዋ ካርቱም ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ትሠራ የነበረች ኢትዮጵያዊት ናት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 የሱዳኑ ጦርነት ሲጀመር ወደ ወድ መደኒ ሸሸች፤ ታኅሣሥ 2016 መደኒም ስትያዝ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገዳሪፍ መጣች። ተናጋሪዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። የሚከራከሩበትን ነገር ግን ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የተጫነበት ማሽን ያለው ሁሉ ዛሬ ማታ ሊፈትሸው ይችላል።

መካኒኩ፦ ከጠዋት ጀምሮ ያንን ጥቁር መስኮት እንዳፈጠጥሽበት ነሽ። ቡናው ቀዘቀዘ እኮ።

ልጅቱ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ የመመሪያ ገጽ እያረምኩ ነው።

መካኒኩ፦ የምን መመሪያ?

ልጅቱ፦ ፋይል ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚገለብጥ ፕሮግራም አለ፤ የእሱን። ሊኑክስ ላይ ትእዛዝ ሁሉ የየራሱ ገጽ አለው። «ማን» ብለው ጽፈው የትእዛዙን ስም ካስከተሉ ይከፈታል። ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ስለሚጫን ኔትወርክ አይጠይቅም።

መካኒኩ፦ ታዲያ ውሸት ነው የሚያወራው?

ልጅቱ፦ ሐሳቡ ደህና ነው። የተበላሸው አቀማመጡ ነው፤ ሰረዙ፣ ነጥቡ፣ የትኛው ቃል ደምቆ የትኛው ተሰምሮበት እንደሚወጣ፣ መስመር በምን እንደሚጀምር።

መካኒኩ፦ አይ የኔ ልጅ! ሰው ከጥይት አምልጦ መጥቶ ሰረዝ ይለቅማል? ማን ይከፍልሻል ደግሞ?

ልጅቱ፦ ማንም።

መካኒኩ፦ አልሸሽግሽም፣ የጠገበ ሰው ሥራ ነው የሚመስለኝ።

ልጅቱ፦ ካርቱም በደህናው ጊዜ ቢሆን ልክ ነዎት እል ነበር። ገጹ ግራ ቢያጋባኝ ኢንተርኔት ውስጥ ገብቼ ሌላ ሰው ያብራራውን አገኛለሁ። ጥር 2016 ማብቂያ ላይ የሆነውን ግን ያስታውሳሉ።

መካኒኩ፦ እንዴት ይረሳል! የአገሩ ሰው ስልክ በሙሉ ድንጋይ ሆነ። ከዘመድ የሚላክ ገንዘብ ማውጣት አቅቶት ስንቱ በዱቤ ሰነበተ። ስታርሊንክ የሚባለውን የሳተላይት ኢንተርኔት የተከለ ሰው ደጃፍ ደግሞ ሰልፉ አይጣል ነበር።

ልጅቱ፦ ያን ሰሞን አንድ ሰው «ዲስኩ ሞልቶ እምቢ አለኝ» ብሎ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ማንን ልጠይቅ? የነበረኝ ማሽኑ ላይ የተጫነው ገጽ ብቻ ነው። ገላባትን ተሻግረው መተማ ዮሐንስ ቢገቡም ያው ነበር። አማራ ክልል ውስጥ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ ነበር። በዚያ ጊዜ እዚያ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር መማር የፈለገ ልጅ መምህሩ ይኸው ገጽ ነበር። አንባቢ ከገጹ ጋር ብቻውን ሲቀር የሰረዟ ነገር የጥጋብ መሆኑ ይቀራል።

መካኒኩ፦ እሺ፣ አንዷን አሳዪኝ። በደፈናው አይሆንም።

ልጅቱ፦ ይቺን መስመር ይዩ። መጀመሪያ የትእዛዙ ስም፣ ቀጥሎ ጭረት፣ ከጭረቷ ጋር የተጣበቁ ሁለት ፊደሎች አሉ። ፊደሎቹ «ፎልደሩን ከነሆዱ ገልብጥ፣ የምታደርገውንም እየነገርከኝ» ማለት ናቸው።

መካኒኩ፦ አየሁ። ምን ሆነች?

ልጅቱ፦ ይቺ ጭረት ሰረዝ ናት። መቀነሻ መሆን ነበረባት።

መካኒኩ፦ ሁለቱም ያው ጋደም ያለች መስመር አይደሉም?

ልጅቱ፦ ለዓይን አዎ። ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ ቃልን ከቃል የምታያይዘው ሰረዝ የራሷ ቁጥር አላት፣ ኪቦርዱ ላይ ያለችው መቀነሻም የራሷ። ትእዛዝ ተቀባዩ የሚያውቀው መቀነሻዋን ብቻ ነው። ገጹን ለንባብ የሚያሰናዳ ግሮፍ የሚባል ሶፍትዌር አለ። ጸሐፊው እንዲያው ጭረት ከጻፈለት ሰረዝ የፈለገ ይመስለውና ሰረዝ ያወጣል። መቀነሻ እንድትወጣ ከፊቷ ባክስላሽ መጻፍ አለበት። ጸሐፊው ዘነጋው፤ አንባቢው ደግሞ መስመሯን ከገጹ ላይ ገልብጦ ይለጥፋታል። ይኸው፣ ልለጥፋት።

መካኒኩ፦ ምን አለሽ?

ልጅቱ፦ «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» አለኝ። ጭረቷን ከነፊደሎቿ የፋይል ስም አድርጎ ወሰዳት። ቀጥሎ ደግሞ ፎልደሩን እንዳለፈው ይናገራል፤ «ከነሆዱ ገልብጥ» የሚለው ነገር አልደረሰውማ።

መካኒኩ፦ ሰውዬው የታዘዘውን ነው እኮ ያደረገው።

ልጅቱ፦ ክፋቱ እሱ ነው። ዓይኑ ልክ ነህ ይለዋል፣ ማሽኑ ተሳስተሃል ይለዋል። ምልክቷን ገጹ ውስጥ ልፈልጋት ቢልም አያገኛትም፤ እሱ የሚጽፈው መቀነሻ ነው፣ ገጹ ላይ ያለችው ሰረዝ ናት። ደግሞ በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነበር። ግሮፍ 1.23 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ ሁለቱን በጥብቅ ለያቸው። ደቢያን የሚባለው የሊኑክስ ስርጭት ግን ያልታረሙ ገጾች ብዙ ስለሆኑ ሁለቱም መቀነሻ ሆነው እንዲወጡ የሚያደርግ ማስተካከያ አስገባ። ደቢያን ላይ ሆኖ የሚያይ ደራሲ እንግዲህ ምንም አይታየውም። ሌላ ቦታ ያለው አንባቢ ይደናበራል። እኔ ሳርም ያንን ማስተካከያ አጥፍቼ ነው የማየው።

መካኒኩ፦ ቆይ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ ጋራዥ አንድ የትራክተር መመሪያ ነበረን፤ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ። ብሎን የሚጠብቅበትን ኃይል የሚያሳየው ሠንጠረዥ ላይ 2.5 የሚለው ነጥቡ ጠፍቶ 25 ሆኗል። አንድ ጎረምሳ ቁልፉን በዚያ ልክ ሞልቶ አንዲት ቀጭን ብሎን ላይ ተንጠለጠለ። ከአንገቷ ቀነጠሳት። ግማሿ ቴስታው ውስጥ ቀረች፤ እሷን ስንቦረቡር መሸ። ልጁን ብቆጣው ምን አለኝ መሰለሽ? «ወረቀቱ ነው ያለው።»

ልጅቱ፦ ፈረዱበት?

መካኒኩ፦ ልምድ ያለው ሰው እጁ ይነግረዋል፤ ያቺ ብሎን ያን ያህል እንደማትችል። ጀማሪ ግን ከወረቀቱ ሌላ ምን አለው?

ልጅቱ፦ የኔም ነገር ከዚህ አይርቅም። የሚያውቅ ሰው የተበላሸ ገጽ ቢያነብ በልቡ እያረመ ያልፋል። ስህተቱን ለደራሲው የማይነግረውም ለዚህ ነው፤ አላየውማ። የሚወድቅበት ጀማሪው ነው፤ ጀማሪው ደግሞ ጥፋቱን የራሱ አድርጎ ዝም ይላል። በዚህ መሐል ገጹ ሃያ ዓመት እንደተበላሸ ይኖራል።

መካኒኩ፦ ከሰረዟ የባሰ አለ?

ልጅቱ፦ ዓረፍተ ነገር የሚውጥ አለ። ግሮፍ አንድ መስመር በነጥብ ከጀመረ ጽሑፍ ሳይሆን ለራሱ የተሰጠ ትእዛዝ ይመስለዋል። ርእስ ስጥ፣ አንቀጽ ጀምር የሚባለው በዚያ መንገድ ነው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ የግል ማስተካከያ የሚቀመጥባቸው ድብቅ ፋይሎች ስማቸው በነጥብ ይጀምራል። እንግዲህ ጸሐፊው ስለ አንድ ድብቅ ፋይል ሲያስጠነቅቅ የፋይሉ ስም መስመር ራስ ላይ ወደቀ እንበል። ግሮፍ በዚያ ስም የሚጠራ ትእዛዝ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ መስመሩን በሙሉ ይጥለዋል።

መካኒኩ፦ ሳይናገር?

ልጅቱ፦ «ማስጠንቀቂያ ስጠኝ» ካላሉት ትንፍሽ አይልም። ከላይና ከታች ያሉት መስመሮች ተገናኝተው ያልታሰበ ዓረፍተ ነገር ይሠራሉ፤ አንዳንዴ ሰዋስዉ ሁሉ የሚገጥም። በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ የሚጀምር መስመርም ዕጣው ይኸው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከነጥቡ ፊት የማትታይ ባዶ ምልክት ማኖር። ግን አመጣጡን ይስሙ። ብዙ ጊዜ የፋይሉ ስም መጀመሪያ ሲጻፍ መስመር መሐል ነው የነበረው። ኋላ አንድ ሥርዓት ወዳድ መስመሮቹ እኩል ይሁኑ ብሎ አንቀጹን እንደገና ሲያጥፈው ስሙ ተንሸራቶ ራስ ላይ ወጣ።

መካኒኩ፦ አሳማሪው አበላሸው በይኛ!

ልጅቱ፦ አዎ። ለዚህ ነው ሁሉም እየተነሣ ያሳምር የማልለው።

መካኒኩ፦ እዚህ ላይ ተስማማን። ቆይ ግን፣ ያ ላፕቶፕ ይዞ የመጣው ሰው… የትኛው ገጽ ላይ እንደሚጻፍ በምን አወቅሽ? በስም ካልጠሩት አይከፈትም አላልሽም?

ልጅቱ፦ ጥሩ ጠየቁ። «አፕሮፖስ» የሚባል ሌላ ትእዛዝ አለ። ቃል ይሰጡታል፤ ያ ቃል የሚገኝባቸውን ገጾች ከነአንድ መስመር መግለጫቸው ይዘረዝራል። «ዲስክ» ብዬ ነው የፈለግኩት። ይህ ዝርዝር የሚሠራው ከየገጹ አናት «ስም» ከሚለው ክፍል ነው፤ እዚያ የፕሮግራሙ ስም፣ ቀጥሎ መለያ ጭረት፣ ቀጥሎ አጭር መግለጫ በአንድ መስመር መኖር አለባቸው። አንድ ጸሐፊ መለያዋን ጭረት ቢተዋት ወይም እዚያ ቦታ ላይ ሙሉ አንቀጽ ቢያፈስበት፣ መዝጋቢው ፕሮግራም ሊያነበው አይችልም። ገጹ ማሽኑ ላይ አለ፣ ፍለጋው ግን አያገኘውም። ኔትወርክ ላለው ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለሌለው ግን ያ ፕሮግራም የለም ማለት ነው። እኔ እንዲያውም ጊዜ ሲያጥረኝ ሌላውን ትቼ ይቺን ክፍል ብቻ ነው የማየው።

(ጸሐፊው ጣልቃ ልግባ። ስለ ጽሑፍ እርማት ሲወራ ሁሉም የሚያየው የገጹን ሆድ ነው። ከቤተ መጻሕፍት ካርድ የጠፋ መጽሐፍ ግን ገጹ ቢያምር ማን ያወጣዋል? ልጅቱ በዚህ ነገር ልክ ናት፤ እኔ ብሆን ከሰረዙ አስቀድሜ እሱን ባነሣሁ ነበር።)

መካኒኩ፦ አምጪው እስቲ፣ እኔ ልሞክረው። የጋራዡን ሒሳብ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። እንግሊዝኛው አይጠፋኝም። አንቺ አትናገሪ።

ልጅቱ፦ ዝም ብያለሁ።

መካኒኩ፦ «አጠቃቀም» ይላል። ትእዛዙን ጻፍኩ። መቀነሻዋን በእጄ ጻፍኳት። ቀጥሎ «ሶርስ» ይላል፣ ደምቆ። ሶርስ ብዬ ጻፍኩ። «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም»! ይኸው፣ አሁንስ?

ልጅቱ፦ አሁን ልናገር? በልማዱ ደምቆ የሚወጣው እንዳለ የሚጻፈው ነው። አንባቢው በራሱ ቃል የሚተካው ደግሞ ዘምሞ ይጻፋል፤ ጥቁሩ መስኮት ላይ ከሥሩ ተሰምሮበት ይታያል። «ሶርስ» ማለት የእርስዎ ፎልደር ስም የሚገባበት ቦታ ነው፤ ሊሰመርበት ነበር የሚገባው። ጸሐፊው ሁሉንም አደመቀው።

መካኒኩ፦ ማድመቅ ማለት «ይሄ አስፈላጊ ነው» ማለት መስሎት ይሆናል።

ልጅቱ፦ በትክክል እሱ ነው የመሰለው። ጽሑፍ የሚያሳምር ሰው ሁሉ እንደዚያ ያስባል። እዚህ ግን የፊደል መልክ ጌጥ ሳይሆን ምልክት ነው፤ «ይሄን እንዳለ ጻፍ፣ ያንን ቀይር» እያለ ነው የሚያዘው። አንድ ቦታ ላይ ማድመቂያው ተከፍቶ ሳይዘጋ ሲቀር ደግሞ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይደምቃል፤ ያን ጊዜ ምልክቱ በሙሉ ሞተ።

መካኒኩ፦ እሺ፣ የፎልደሩን ስም ጻፍኩ። «ሒሳብ»፣ ከዚያ የፍላሹ ስም። ሠራ! ግን ፍላሹ ላይ «ሒሳብ» የሚል ፎልደር የለም። ፋይሎቹ ሜዳ ላይ ተበትነዋል።

ልጅቱ፦ ከስሙ መጨረሻ ስላሽ ጽፈዋል።

መካኒኩ፦ ማሽኑ ራሱ ነው የጨመረው፤ ስሙን ጀምሬ ታብ የሚለውን ስነካ።

ልጅቱ፦ ይህ ፕሮግራም አርሲንክ እንደሚባለው ሌላ መገልበጫ ነው። ስሙ በስላሽ ካለቀ የፎልደሩን ይዘት ብቻ ይገለብጣል፤ ካላለቀ ፎልደሩን ራሱን።

መካኒኩ፦ ገጹ ላይ ተጽፏል?

ልጅቱ፦ ተጽፏል፤ ወደ ታች፣ አንድ ረጅም አንቀጽ ውስጥ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ።

መካኒኩ፦ እንግዲያው ከሰረዝሽ ሁሉ በፊት ይሄን አርሚ! ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይደበቃል እንዴ? ስህተቱን የሚፈትሽ መሣሪያ አለሽ ወይስ በዓይንሽ ነው?

ልጅቱ፦ አለ፤ ማንዶክ የሚባል ፕሮግራም በሊንት ስልት ገጹን መስመር በመስመር ያያል። ግሮፍም ማስጠንቀቂያ ሲጠየቅ ያወጣል። ደቢያን ደግሞ ሊንቲያን የሚባል መርማሪ አለው፤ ፓኬጅ ሲሠራ የመመሪያ ገጹንም አብሮ ይፈትሻል።

መካኒኩ፦ ስላሿን ይነግሩሻል?

ልጅቱ፦ አይነግሩኝም። ለእነሱ ያ አንቀጽ ንጹሕ ነው።

መካኒኩ፦ አየሽ! ጌጁ ደህና ነኝ ይልሻል፣ ሞተሩ ይጨሳል። መርማሪው ዝም ሲል አረምኩ ብለሽ እንዳትተኚ።

ልጅቱ፦ የሚተኛ ሞልቷል። መርማሪው ያወጣውን ዝርዝር ይዞ ከአንድ እስከ መጨረሻው እየለቀመ የሚልክ አለ። ከዓረፍተ ነገር በኋላ ሁለት ክፍት ቦታ አንድ ሆነ፣ መስመር መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ ቀረ እያለ። አንዳንዱ ምክንያት አለው። ለምሳሌ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በአዲስ መስመር ይጀመር የሚለው የቆየ ምክር ነው፤ ብራያን ከርኒገን እ.ኤ.አ. በ1974 ሊኑክስ አርአያው ላደረገው ለዩኒክስ ጀማሪዎች በጻፈው መመሪያ ውስጥ አለ። አንባቢው ያንን አያየውም፤ ግሮፍ መስመሮቹን መልሶ ይቀጥላቸዋል። ጥቅሙ ለአራሚው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲለወጥ የተለወጠው እሱ ብቻ መሆኑ ጥርት ብሎ ይታያል።

መካኒኩ፦ ታዲያ ጉዳቱ ምን ላይ ነው?

ልጅቱ፦ ተርጓሚው ላይ። ገጾቹን ወደ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ፖላንድኛ የሚመልሱ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ምንጩ ላይ አንዲት ቃል ከደማቅ ወደ ዘማማ ብትለወጥ፣ የተተረጎመው ዓረፍተ ነገር «እንደገና ይታይ» ተብሎ ይወጣል፤ ተርጓሚው እስኪያየው ድረስ አንባቢው እንግሊዝኛውን ያነባል። «ሶርስ» ላይ ሲሆን ይገባዋል። ያለ ምክንያት በመቶ ገጽ ላይ ከተደረገ ግን የሌላ ሰው ጉልበት መብላት ነው።

መካኒኩ፦ አማርኛስ አለ እዚያ ውስጥ?

ልጅቱ፦ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው፤ መጻፍስ ይቻላል። ጥቁሩ መስኮት ላይ ሲመጣ ነው ጣጣው። እዚያ እያንዳንዱ ፊደል እኩል ጎጆ ይሰጠዋል። የቻይና ፊደል ሁለት ጎጆ ይፈቀድለታል፤ የእኛ አንድ ብቻ። «ጨ»ን፣ «ሟ»ን ለ«ኤል» የተሰፋ ጎጆ ውስጥ ያስገቧታል፤ ወይ ጎኗ ይቆረጣል ወይ ጎረቤቷ ላይ ትወጣለች።

መካኒኩ፦ አራት ነጥብስ?

ልጅቱ፦ ግሮፍ ዓረፍተ ነገር አለቀ የሚለው የፈረንጁን ነጥብ፣ ጥያቄ ምልክቱንና ቃለ አጋኖውን ሲያይ ነው። አራት ነጥብን እንዲያውቅ በአንድ መስመር ማስተዋወቅ ይቻላል። ሁለት ነጥብ ይብሳል። በድሮው አጻጻፍ በየቃሉ መሐል ክፍት ቦታ ሳይተው ሁለት ነጥብ ከተደረገ፣ ለግሮፍ አንቀጹ በሙሉ አንድ ቃል ነው። የት ላይ እንደሚያጥፈው አያውቅም፤ ከመስኮቱ አስወጥቶ ይለቀዋል። እሱንም «ከዚህ ምልክት በኋላ ማጠፍ ይቻላል» ብሎ ማስተማር ይቻላል። ማንም ስላልጠየቀ ነው እንጂ የማይሆን ነገር አይደለም።

መካኒኩ፦ ይሄ የመመሪያ ነገር ግን እንዲህ የተብራራው ከመቼ ጀምሮ ነው? የእኛ ፋብሪካዎች እንኳ ትራክተሩን ሸጠው ሲያበቁ ዞር አይሉም።

ልጅቱ፦ ከመነሻው ጀምሮ ነው። የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1971 የወጣ ነው፤ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ ውስጥ ያዘጋጁት። አለቃቸው የነበረው ዳግ ማክልሮይ መመሪያው በሚገባ እንዲጻፍ ወጥሮ ይይዝ ነበር። የሚገርምዎ፣ በገጾቹ መጨረሻ «ጉድለቶች» የሚል ክፍል ያኔም ነበረ። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ራሱ «ይሄ ይሄ አይሠራም» ብሎ ያሰፍርበታል። ዛሬም አለ።

መካኒኩ፦ ሻጭ በራሱ ላይ ይመሰክራል? እንዲህ ያለ የትራክተር መመሪያ ባገኝ ኖሮ ጸጉሬ ገና ጥቁር ይሆን ነበር።

ልጅቱ፦ ስላሿን እዚያ ልጻፋት እንዴ?

መካኒኩ፦ የለም፣ የለም። እዚያ ማን ይደርሳል? ሥራው ተበላሽቶ ካልተናደደ በቀር እስከ መጨረሻ የሚያነብ የለም። ከላይ፣ አጠቃቀሙ ሥር አድርጊያት። ሁለት ምሳሌ ብቻ፤ አንዱ በስላሽ፣ አንዱ ያለ ስላሽ፣ ፍላሹ ላይ ምን እንደሚመጣ አጠገቡ ጽፈሽ።

ልጅቱ፦ ጥሩ። እንዲያ ከሆነ ግን ሁለት ፓች ይሆናል።

መካኒኩ፦ ፓች ደግሞ ምንድነው?

ልጅቱ፦ የሚወጣውን መስመር በመቀነሻ፣ የሚገባውን በመደመሪያ አድርጎ የሚያሳይ ትንሽ ፋይል ነው። እዚሁ ኔትወርክ ሳይኖር ይሠራል፤ አናቱ ላይ ለምን እንደለወጥኩ እጽፋለሁ። ኔትወርክ የተገኘ ዕለት በኢሜይል ይሄዳል። የሊኑክስ ከርነልና የሲ ላይብረሪ ገጾች የሚታረሙትም እንዲሁ ነው። ማይክል ኬሪስክ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለብዙ ዓመት ይዟቸው ነበር፣ ኋላ አሌሃንድሮ ኮሎማር ተረከባቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ሰረዝና ምሳሌ አንድ ላይ ጠቅልለው ቢልኩ «ለያይተህ አምጣ» ተብሎ ይመለሳል። በሰረዟ ላይ ክርክር የለም፤ ዛሬውኑ ልትገባ ትችላለች። ምሳሌው ላይ ግን አንዱ «ረዘመ» ይላል፣ ሌላው «ቦታው እዚህ አይደለም»።

መካኒኩ፦ ይከራከሩ። «ሶርስ»ስ የት ገባ?

ልጅቱ፦ ከሰረዟ ጋር ላድርገው ብዬ ነበር… አይ፣ እሱም ለብቻው። ሦስት ሆነ። ስህተቱን ላገኘ ሰው «ሪፖርት ያደረገው» የሚል መስመር ይገባል። ስምዎን ልጻፍ?

መካኒኩ፦ ስሜ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ስንት ዘመኑ! ያ ይበቃኛል። «አንድ ተጠቃሚ» በይ። ይልቅ ለሰረዟ ፓች አናት ላይ ምን ጻፍሽ?

ልጅቱ፦ «ሰረዞችን ወደ መቀነሻ መለወጥ።»

መካኒኩ፦ እሱንማ ፋይሉን የከፈተ ያየዋል። «ከገጹ ተገልብጦ ሲለጠፍ ትእዛዙ አይሠራም» በይ።

ልጅቱ፦ ይሻላል። ለወጥኩት። ሰረዟን ዛሬ ስታርሊንክ ያለበት ቤት ሄጄ እልካታለሁ፣ «ሶርስ»ንም። ምሳሌውን?

መካኒኩ፦ እሱን ለፎቶኮፒ ቤቱ ልጅ ስጪውና አጠገቡ ሆነሽ ዝም በይ። ካልተሳሳተ ትልኪዋለሽ።